የሰባተኛው ድንጋይ ወሰንተኞች

በደርዛም መንግሥት ታላቁ ስርቆት የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ በነጋሪት ድምፅ፣ በአዋጅ ነበር። ሌባው ዘውድ ጭኗል፤ የተሰረቀውም ወርቅ ወይም ዕንቁ ሳይሆን አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ወሰን» ይባላል።

ከዚያ ቀን በፊት ቃሉ እንደ ጨው በየቤቱ ነበረ። ጠጅ ቀጂ ሲቀዳ እንግዳው መዳፉን በብርሌው አፍ ላይ ጋርዶ «ወሰን» ይላል፤ ከቃሉ በኋላ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ቀጂው ዝቅ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል። ሁለት ጎረምሶች በዱላ ሲፋለሙ በመካከላቸው እፍኝ ሣር በትኖ «ወሰን» የሚል ከተገኘ፣ ተናጋሪው ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ የተነሣው ዱላ በተነሣበት ይቀራል። በሬውን አብዝቶ የሚገርፍ አራሽ፣ ሙግቱን የሚያንዛዛ ባለጉዳይ፣ ልጇን ከጥፋቱ በላይ የምትቆጣ እናት፣ ሁሉም በዚህ ቃል ይቆሙ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን በሐዘን ቤት የሚነገረው ነው። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው በጥቁር ሰሌን ላይ ይቀመጣል፤ በአርባኛው ቀን ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚያንሰው ቀርቦ «ወሰን» ሲለው ይነሣል፣ ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ ምድጃው ዳግመኛ ይነድዳል። ያ እስኪሆን ድረስ ከዚያ ቤት ማንም ደም ሊመልስ መሣሪያ አያነሣም። ሰሌን ተዘርግቶ ሳለ ደም ማፍሰስ ሙታንን ማዋረድ ነው።

ንጉሥ አርማዝር ግን ማሰብ የሚወድ ንጉሥ ነበር፤ አደጋውም ከዚያ መጣ። ደርዛምን የከበቡት ሰባቱ የወሰን ድንጋዮች የቆሙት በዚህ ቃል ኃይል እንደሆነ ከአባቶቹ ሰምቷል። ከድንጋዮቹ ባሻገር ዋጢት አለች። ዋጢት ፊት የላትም፣ አትቸኩልም፣ አትራብም፣ አትጠግብም። እንደ አመድ የነጣች ናት፤ የነካችውን አትገድልም፣ ዳሩን ትወስድበታለች እንጂ። እርሷ ባለፈችበት ዛፉ ከፍየሉ፣ ፍየሉ ከአለቱ፣ አለቱ ከሰማዩ የት እንደሚለይ የሚታወቅ ነገር የለም። «እንግዲህ» አለ ንጉሡ፣ «ይህችን የሚያቆም ቃል በጠጅ ቤትና በበሬ ጀርባ ላይ ሲታሽ ሊያልቅ ነውን?» ቃሉንም ሊያከብረው ከሕዝቡ አፍ ወሰደው። የነጭ ጎሽ ቀንድ በአገሩ ሁሉ እንዲዞር አደረገ፤ እያንዳንዱ ሰው ቃሉን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቀንዱ ተነፈሰ፤ ቀንዱም በሰም ታትሞ በአርከን ቤተ መንግሥት ከዙፋኑ አጠገብ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ቃሉን የተናገረ ሃያ ጅራፍ፣ ሰምቶ የቆመ አርባ ጅራፍ እንዲገረፍ ተደነገገ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በመከር ማለዳ፣ በዳርማት መንደር ዳር የቆመው ሰባተኛው ድንጋይ ከቦታው ሰባት እርምጃ ወደ ውስጥ ተጉዞ ተገኘ። ከኋላው ማረሻ የቀደደው የመሰለ ትልም ነበር። ከትልሙ ማዶ ምንም ዳር ያለው ነገር አልታየም።

የዳርማት ሽማግሌዎች በአውድማው ላይ ተሰበሰቡ። አፈ ጉባኤው ከበትሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ተናገረ። «የአባቶቻችን ሕግ ግልጽ ነው። ድንጋይ ሲናወጥ ተጠያቂዎቹ ሁለቱ ወሰንተኞች ናቸው። ሰባተኛው ድንጋይ በሟቹ በልባን ቤትና በዝናር ቤት መካከል ቆሟል። እንግዲህ የልባን እኅት ማርዳና ዝናር ወደ አርከን ሄደው ቃሉን ከነቀንዱ ያምጡ።»

ልባንን የገደለው ዝናር መሆኑን የማያውቅ በዚያ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በእርሻ ወራት፣ አንድ ትልም ገፍተሃል አልገፋሁም ተባብለው፣ የዝናር ዱላ ልባን ከወደቀ በኋላም መውረዱን አላቆመም። በችሎት «ሟቹ የተከለከለውን ቃል ሲል ሰምተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝናር «አልሰማሁም» አለ። ዳኞቹም ብሎ ከሆነማ ሟቹ ራሱ ሃያ ጅራፍ ይገባው እንደነበር አስታውሰው መዝገቡን ዘጉ።

ማርዳ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በወንድሟ መቃብር ላይ ጦሯን ተክላ እንዲህ ስትል ምላለች፦ «ልባን ሆይ፣ ሰሌንህ በተጠቀለለ ቀን ይህ ጦር በዝናር አንገት ላይ ይወርዳል። ባልፈጽመው ስሜ ከእናቴ አፍ ይጥፋ፤ ቤቴም ስም እንደሌላት እንግዳ ይቀበለኝ።» በደርዛም እንዲህ ያለ መሐላ ጌጥ አይደለም። የማለው ሰው ቤተሰብ ያስፈጽመዋል።

ሰሌኑ ግን አልተጠቀለለም። በአርባኛው ቀን ማርዳ ጅራፉን ሳትፈራ ወደ እናቷ ወደ ሐረጊት ጆሮ ጠጋ ብላ ቃሉን አንሾካሾከችው። ሐረጊት ቀና ብላ አየቻት። «ባዶ ነው፣ ልጄ» አለቻት፤ ተመልሳም አቀረቀረች። ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም። ሦስት ዓመት በዚያ ሰሌን ላይ ተቀምጣ፣ ከሚሰጣት እህል ሲሶውን እየቀመሰች፣ እጇ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር። የሚመጣውን ክረምት እንደማታይ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም፤ ማርዳም ታውቅ ነበር።

«ከእሱ ጋር አንድ መንገድ አልረግጥም» አለች ማርዳ።

«መንገዱ ሰፊ ነው፤ አንቺ በቀኝ፣ እኔ በግራ» አለ ዝናር። ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ቀዝቃዛ የሆነ ጎልማሳ ነው። «ደግሞ ምን ያስፈራሻል? እናትሽ ሰሌን ላይ እስካሉ ድረስ ከአንቺ የተሻለ ጠባቂ የለኝም። ሽፍታ ቢመጣብኝ እንኳ ቀድመሽ የምትከላከዪልኝ አንቺ ነሽ። ለራስሽ ልታስቀሪኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ሳል አስመሰለው።

«ቃሉ ሲመጣ እናቴ ትነሣለች» አለች ማርዳ ረጋ ብላ። «እናቴ ስትነሣ አንተ ትተኛለህ። ይህን እያወቅህ ነው የምትሄደው?»

«እርሻዬ ከዋጢት አፍ አጠገብ ነው። ካልሄድኩም መተኛቴ አይቀርም።»

በዚህ መካከል ከአውድማው ጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። ብርጓድ ይባላል፤ በወጣትነቱ የመንግሥት ገመድ ጣይ ነበር፤ መሬት በገመድ እየለካ ለባለይዞታው የሚያካልል ማለት ነው። ሰማንያ ክንድ የሚረዝመው ገመድ ዛሬም በትከሻው ላይ ተጠምጥሟል። «እኔም እሄዳለሁ» አለ። «ያን ቀንድ ከአፍ ወደ አፍ እያዞርኩ የሞላሁት እኔ ነኝ። መንገዱንም ኃጢአቱንም አውቀዋለሁ።»

ሦስቱ በዚያው ዕለት ወጡ።

ወደ አርከን የሚወስደው መንገድ ዐሥራ አንድ ቀን ነው። የሄዱበት አገር በረሃብ ወይም በጦርነት አልጠፋም፤ መቆም አቅቶት ነበር። ተራራውን ጨርሶ የሸንተረሩን አፈር የሚያርስ ገበሬ አዩ፤ በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው አሁንም ይጎትታሉ። አንድ ግንበኛ አጥሩን ከጣሪያው በላይ ሠርቶ፣ ከውስጥ ሆኖ በጨለማ መገንባቱን ቀጥሎ ነበር፤ ሚስቱ ከውጭ ስሙን እየጠራች ግንቡን በመዳፏ ትደበድባለች። ማርዳ መሰላል ፈልጋ ነበር፤ የሚደርስ አላገኘችም።

በአራተኛው ቀን ጎይም የሚባል ባላባት በእንግድነት ተቀበላቸው። በአዳራሹ ውስጥ ሦስት እንግዶች ተቀምጠው ጠጅ ከአገጫቸው ወደ ደረታቸው ይወርዳል፤ አንደኛው እንቅልፍ ይሁን ሞት በማይለይ ሁኔታ ዓይኑን ገልብጧል። ጎይም ግን መቅዳቱን አላቋረጠም።

«ጠጡ እንጂ። ቤቴን ናቃችሁት?»

«ጠጥተናል፣ ጌታዬ። ይበቃናል» አለ ብርጓድ።

«ይበቃናል ማለት ምን ማለት ነው? ያለ ልክ የሚወድ ሰው እንዲህ ይባላል?» እያለ ሲቀዳ ዓይኖቹ እንባ ያዘሉ ነበሩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም «እኔም ደክሞኛል፣ አባቴ። ክንዴ ዝሏል። ማን ያስቁመኝ?» አለው።

ማርዳ ብርሌዋን ደፋች። በደርዛም ብርሌ መድፋት ባለቤቱን በጥፊ እንደ መምታት ነው። ባላባቱ ገነፈለ፤ ውሾቹንም ፈታባቸው። ውሾቹ የሁለት ኮረብታ መንገድ አሳደዷቸው፤ እንደ ሌላ ጊዜ ውሻ ከክልላቸው ሲወጡ አልተመለሱም፤ አንዳንዶቹ በሩጫው መካከል ልባቸው ፈንድቶ እየወደቁ፣ የቀሩት በላያቸው እየዘለሉ መጡ። የመጨረሻው ዝናርን ከኋላው ጣለውና ጉሮሮውን ሊይዝ አፉን ሲከፍት የማርዳ ጦር ጎኑን በሳው።

ዝናር አፈሩን እያራገፈ ተነሣ። «አላልኩሽም?» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ጎረቤቴን ውሻ በላው ሲባል አልወድም» አለች ማርዳ፣ ጦሯን በሣር እየጠረገች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከቀትር በፊት አርከን ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘበኞቹ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይመለከቱም። ንጉሥ አርማዝር በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አዋጅ ያውጅ ነበር፤ ያንኑ አንድ አዋጅ ማወጅ ከጀመረ ሰባት ወር ሆኖታል። ጸሐፊዎቹ በተራ እየወደቁ በተራ ይተካሉ፤ ብራናው ከመድረኩ ወርዶ፣ አዳራሹን አቋርጦ፣ በበሩ ወጥቶ በአደባባዩ ላይ ተጠምዝዟል። መኳንንቱ ቆመው ያሸልባሉ። ቀንዱ ከዙፋኑ በስተቀኝ በሐር ክር ተንጠልጥሏል።

ማርዳ በአዳራሹ መካከል ተራመደች። ማንም አልከለከላትም፤ ዘበኞቹ ትእዛዝ ይጠብቃሉ፣ ትእዛዙ ደግሞ የንጉሡ ንግግር ሲፈጸም የሚመጣ ነበር። በዙፋኑ ፊት ቆማ እጅ ነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሰባተኛው ድንጋይ ተራምዷል። በሐዘን ሰሌን ላይ የቀረች እናት አለችኝ። የወሰዱብንን ልወስድ መጥቻለሁ።»

ንጉሡ አያት፤ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ደም መስለዋል። አፉ ግን አላረፈም። «...እነሆም ይህች ልጅ» አለ፣ ቃሏን ከአዋጁ ጋር እየፈተለ፣ «የተቀደሰውን ልትዳስስ እጇን የዘረጋች፣ በዚያውም ምክንያት እጇ ሊቆረጥ የሚገባት፣ ይሁን እንጂ ከመቆረጡ በፊት የእጅ ቆረጣ ሥርዓት ከአባታችን ከንጉሥ ዘርማን ዘመን አንሥቶ እንደምን እንደ ነበረ፣ ዘርማንም ከማን እንደ ተወለደ፣ የወለደውም አባቱ...»

ማርዳ ክሩን በጦሯ ስለት በጠሰችው። ቀንዱ በእጇ ላይ ወደቀ።

አንድ ወጣት ዘበኛ ሰይፉን ግማሽ መዘዘ። አለቃው ክንዱን ያዘው። «ቁረጡ አላሉም እኮ» ሲል አንሾካሾከ፤ «ይገባታል ነው ያሉት። ጠብቅ።»

ጠበቁ። ሦስቱም ወጡ። በበሩ አጠገብ ጣቶቹ የቆሰሉ ሽማግሌ ጸሐፊ፣ ብዕሩን ሳያቆም የማርዳን ቀሚስ ጫፍ ያዘ። «ልጄ፣ ቀንዱን በከፈትሽ ጊዜ አንድ ጊዜ ስለ እኔም በይልኝ» አላት።

ወደ ዳርማት ሲመለሱ መንገዱ ዐሥራ አንድ ቀን አልፈጀም። ዘጠኝ ብቻ ሆነ። መንገዱ በሌላ ድንጋይ በኩል የሚዞርበት የሁለት ቀን አገር በዋጢት ተሸፍኖ፣ እነርሱም አቋራጭ ይዘው ነበር። ሰባተኛው ድንጋይ አሁን የቆመው የሁለቱ ቤት እርሻ በሚገናኝበት፣ ልባን በወደቀበት ትልም ላይ ነው። ከድንጋዩ ማዶ አራት እርምጃ ርቆ የልባን መቃብር፣ በላዩም የድንጋይ ቁልሉ ይታያል። ከቁልሉ ባሻገር ደግሞ ነጭ የሆነው፣ ፊት የሌለው ነገር፣ ሳይቸኩል ይመጣል። ከኋላቸው፣ በመንደሩ ጫፍ፣ ሐረጊት የተቀመጠችበት ቤት ጣሪያ ከዚህ ይታያል።

ማርዳ ሰሙን ሰበረች። ቀንዱን ወደ ዋጢት አቅንታ፣ ሳንባዋ እስኪነድድ ድረስ «ወሰን» አለች።

ከቀንዱ የወጣው የቆየ የሰው ትንፋሽ ሽታ ብቻ ነበር፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ትምባሆ፣ የሕፃን ወተት። ዋጢት ወደ ቁልሉ ደረሰች። የላይኛው ድንጋይ ከሥረኛው መለየቱ ቀረ።

«ድገሚው» አለ ዝናር።

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ድምፅዋ ተሰበረ።

ብርጓድ በትልሙ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። «ፈርቼው ነበር» አለ። «ቀንዱን ይዤ በዞርኩበት ዓመት አንዲት ባልቴት ‹ከእኔ አፍ ብትወስደው ምን ታገኛለህ? ቃሉ ያለው በልጄ እጅ ነው፤ ሊመታ ያነሣውን ስለ እኔ ያወርዳል› አለችኝ። የጃጀች መስሎኝ አለፍኳት። ለካ አዋጁን የጻፉት በትክክል አውቀው ነበር፤ ለተናገረ ሃያ፣ ለቆመ አርባ። ቃሉን የገደሉት በአርባው ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን እናድርግ፣ አያ ብርጓድ?» አለች ማርዳ።

«አላውቅም፣ ልጄ። እኔ መለካት ብቻ ነው የማውቀው። ለማሰብ ግን ጊዜ ያስፈልጋችኋል።» የገመዱን አንድ ጫፍ በድንጋዩ ላይ አሰረ፤ ሌላውን በወገቡ ዙሪያ ቋጠረ። «ይህች ፍጥረት ያገኘችውን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሄድም፤ ስትመጣ አይቻታለሁ። ሰማንያ ክንድ እሰጣችኋለሁ።»

እንዳይሄድ እስኪለምኑት ሳይጠብቅ ወደ ነጩ ገባ። በመጀመሪያ ጀርባው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻም የራሱ ሽበት ከነጩ ጋር አንድ ሆነ። ገመዱ ግን ክንድ በክንድ እየተፈታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ዋጢትም ቆም ያለች መሰለች፤ ገመዱን ትበላ ነበር።

ማርዳ የሚሳበውን ገመድ ተመለከተች። ከዚያ ወደ ዝናር ዞረች።

«ሰሌኑ አሁንም ተዘርግቷል» አለ ዝናር፣ የፊቷን ሁኔታ አይቶ።

«ሰሌኑ ያለበት ቤት ነገ አይኖርም። ሕጉም አብሮት ይሄዳል። እናቴን ማዳን አልቻልኩም፤ የቀረኝ አንተ ነህ።»

ዝናር ዱላውን ሊያነሣ ዘወር ሲል የሚሳበው ገመድ ቁርጭምጭሚቱን መትቶ በትልሙ ውስጥ በጀርባው ጣለው። ማርዳ በደረቱ ላይ ቆመች፤ የጦሩ ጫፍ በጉሮሮው ጉድጓድ ላይ ነበር።

«በል» አለችው። «ልባን ያለውን በል። ልስማህና እንዳልሰማህ ልሁን። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ይህን ነው።»

ዝናር ሲናገር ያ ቀዝቃዛ ድምፁ አብሮት አልነበረም።

«ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሁለት ጊዜ ብሎታል። የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ። አባቴ በአንድ ጠብ ላይ ያን ቃል ሰምቶ በመቆሙ አርባ ተገርፎ ነው የሞተው፤ እኔ ጀርባውን በቅቤ ስቀባ ነበርኩ። ልባን ሲለው እጄ ሊቆም ነበር። ሲቆም ተሰማኝ። ያን ጊዜ የአባቴ ጀርባ ታየኝና እጄን ገፋሁት።» ምራቁን ዋጠ፤ የጦሩ ጫፍ ከጉሮሮው ጋር ወጣ፣ ወረደ። «ለመዳን አይደለም። እሱ ያለኝን እልሻለሁ፣ ምክንያቱም እሱ ያለው ማንም ሳይሰማው መቅረት የለበትም። ወሰን።»

ገመዱ አለቀ። ከድንጋዩ ጋር ተወጥሮ አንድ ጊዜ ጮኸና ተበጠሰ። ዋጢት ተንቀሳቀሰች።

የማርዳ ክንድ ለሦስት ዓመት የተማረውን ለማድረግ ተነሥቶ ወረደ፤ ወርዶም ቆመ። ከዝናር ቆዳ በጤፍ ቅንጣት ያህል ርቆ ቆመ። ያቆመው ምሕረት አልነበረም፤ በዚያች ቅጽበት ጥላቻዋ አንድ ጋት አልጎደለም፣ የወንድሟም ፊት ከዓይኗ አልራቀም። መግደል ትችል ነበር። ማንም አይከለክላትም፣ ማንም አይጠይቃትም። ቃሉ ተነገረ፤ እርሷም ሰማችው። ሌላ ምንም አልነበረም። ጦሩን ወደ ኋላ ለመመለስ ክንዷ ከመውጋት ይልቅ አሥር እጥፍ ከበዳት፤ ጥርሷን ነክሳ እያለቀሰች መለሰችው።

ዝናር ቀስ ብሎ እግሩን ሰበሰበ። ነጩ ነገር ከተረከዙ በጤፍ ቅንጣት ርቆ ቆሞ ነበር። ዳር አውጥቷል፤ እንደ ቢላዋ የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ ዳር፣ ከአድማስ እስከ አድማስ።

ማርዳ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ድንጋዩን እዚህ መትከል አለብን» አለች።

ዝናር ወደ ማዶ አየ። የመቃብሩ ቁልል በነጩ ውስጥ እንደ ሟሟ ጨው ሆኖ ገና ጥላው ይታይ ነበር። «አራት እርምጃ ነው» አለ። «ቆማለች እኮ። ምናልባት ድንጋዩን ገፋ ብናደርገው ወንድምሽን...»

«ወንድሜ የሞተው በአንድ ትልም ነው። አራት እርምጃ ስጠኝና ነገ አምስት እፈልጋለሁ። አንተም ስድስት። ያዝ ከወዲያ በኩል።»

ያዘ። የሰባተኛውን ድንጋይ በሁለት ወገን ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ፣ ጦሩ በቆመበት መሬት ላይ ተከሉት። የብርጓድ ገመድ ቁራጭ በድንጋዩ ወገብ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ አልፈቱትም።

«አልማርኩህም» አለችው ማርዳ፣ እጇን እያራገፈች።

«አውቃለሁ።»

«በሽማግሌዎች ፊት ሰምቼ ነበር ትላለህ።»

«ዛሬውኑ እላለሁ።»

ያን ዕለት በአርከን አደባባይ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ብዕሩን አኑሮ፣ እጁን አንሥቶ፣ አንዲት ቃል ተናገረ ይባላል። ንጉሡም ከሰባት ወር በኋላ ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አያወራም።

ማርዳ ወደ እናቷ ቤት ገባች። ሐረጊት በጥቁሩ ሰሌን ላይ እንደ ተወቻት ተቀምጣለች። ማርዳ በፊቷ ተንበረከከች።

«እናቴ። ወሰን።»

ሐረጊት ቀና አለች። ዓይኖቿ በልጇ እጅ፣ ከዚያ በጦሩ ስለት ላይ አረፉ። ስለቱ ንጹሕ ነበር።

«ገደልሽው?»

«አልገደልኩትም። ወሰን አለኝ፤ ቆምኩ።»

«መቃብሩስ?»

«ከወሰኑ ውጭ ቀረ።»

በአሮጊቷ ፊት ላይ ቁጣ ነበረ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቁጣ። አንድ ጊዜ እጇ ለመምታት የተነሣ መሰለ፤ በመንገዱ ላይ ቆመና ወደ ሰሌኑ ወረደ። ከዚያ በሁለት መዳፏ መሬቱን ገፍታ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ተነሣች። ሰሌኑን ራሷ ጠቀለለችው።

«እንግዳ ነሽ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ደረቀ ቅጠል። «ደክሞሻል መሰለኝ። ተቀመጪ።»

ስሟን አልጠራችም። መሐላው መሐላ ነው፤ ዳግመኛም እንደማትጠራት ሁለቱም ያውቁ ነበር። ማርዳ ለእንግዳ በሚሰጠው በርጩማ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሐረጊት ዋንጫ አምጥታ፣ እንሥራውን በቀጠነ ክንዷ አዘንብላ ውኃ ቀዳችላት። ውኃው ግማሽ ደረሰ፤ ከግማሽ አለፈ፤ ወደ ጠርዙ ወጣ። እናቲቱ ከዓይኖቿ እንባ እየወረደ፣ ማቆሙን የረሳች ይመስል ቀዳች።

ማርዳ መዳፏን በዋንጫው አፍ ላይ አደረገች።

«ወሰን» አለች።

እንሥራው ቀና አለ። ውኃው በጠርዙ ላይ ተንቀጥቅጦ ረጋ፤ በማርዳ መዳፍ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።